ሐዲድ ያቆመው ከተማ፣ ሐዲድ ያለፈው መንደር



በየዓመቱ በዚህ መጽሔታችን ላይ አንዳንዱ አባል ስለ ጤና፣ አንዳንዱ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ሌላውም ስለ ዕድራችን ሒሳብ ይጽፋል። እኛ ደግሞ ዘንድሮ ታሪክ ቢጤ ለማቅረብ አሰብን። ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ ባያልፍም፣ የሥራ ዘመናችንን የዕቃ ሰነድ ስናገላብጥ የጨረስን ስለሆንን፣ ዕቃ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደሚደርስ ማሰብ ልማድ ሆኖብናል። ከ1990 ዓ.ም. በፊት በሰነዱ ላይ የወደቡ ስም በአብዛኛው «አሰብ» ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ «ጅቡቲ» ሆነ። ለጸሐፊ የአንድ ቃል ለውጥ ነው፤ ነገር ግን ያ ለውጥ ለስንቱ እንጀራ እንደ ሰጠ፣ ከስንቱስ አፍ እንደ ነጠቀ ቁጭ ብሎ የሚያስበው ጥቂት ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣን ሌላም ምክንያት አለ። ልቅሶ ቤት ተቀምጠንም ሆነ በወር ስብሰባችን ላይ «ባቡር ወደ ሐዋሳ ይመጣል» የሚል ወሬ አንዳንዴ ይነሣል። ይህን ሲሰማ አንዱ «ከመጣማ አለፈልን» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ የሐይቁን ዳር ሰው ያፈናቅልብናል» ይላል። ታዲያ እንዲያው በግምት ከምንከራከር፣ ባቡር ቀድሞ የደረሰበትን አገር ማየት አይሻልም? ለዚህ ደግሞ ከጅቡቲ የበለጠ ምሳሌ የለንም። ከተማ ያልነበረበት የባሕር ጠረፍ በአንድ ሐዲድ ምክንያት እንዴት ከተማ እንደ ሆነ፣ የቀድሞ ባለ ስም ጎረቤቶቹስ እንዴት እንደ ቀሩ የሚያሳይ ነውና።

ከመቶ አርባ ዓመት በፊት ከሸዋና ከሐረር ወደ ባሕር የሚወርድ ነጋዴ ሁለት የታወቁ በሮች ነበሩት። አንደኛው ዘይላ ነው፤ የሐረር ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ በግመል ተጭኖ ሁለት ሦስት ሳምንት ተጉዞ እዚያ ይደርስ ነበር። ሁለተኛው ታጁራ ነው፤ የአፋር ሱልጣን መቀመጫ የነበረ፣ ዓሣ አስጋሪውም ጀልባ ነጂውም የግመል ነጋዴውም አብሮ የሚኖርበት ጥንታዊ የባሕር መንደር። ከዚያ ወደ ሸዋ የሚነሣው ሲራራ በረሓውን ይሰነጥቃል። መንገዱ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ለማወቅ የፈረንሳዊውን ባለቅኔ የአርተር ራምቦን ነገር ማስታወስ ይበቃል። ይህ ሰው ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ መጥቶ፣ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ታጁራ ላይ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። በጥቅምት 1879 ዓ.ም. ተነሥቶ ሸዋ የገባው በየካቲት ነው። አራት ወር ሙሉ መንገድ ላይ! ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚያ ዘመን ጅቡቲ የምትባለው ቦታ በነጋዴው አፍ ስም አልነበራትም። ኮራል የሚባለው የባሕር ድንጋይ ከውኃው ብቅ ብቅ ያለበት፣ ዙሪያው አሸዋና ጨው የሆነ ጠረፍ ነበረች። ከብት አርቢው በአምቡሊ ጉድጓዶች እንስሳቱን ሊያጠጣ ይመጣል፣ ጀልባ ያለውም ያሰግራል፣ ከዚያ የበለጠ ነገር የለም። ፈረንሳዮች አስቀድመው በ1854 ዓ.ም. ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ኦቦክን ገዝተው ነበር። በኋላ መርከቦቻቸው ወደ ማዳጋስካርና ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሲሄዱ የድንጋይ ከሰል የሚሞሉበት ወደብ ሲያስፈልጋቸው ኦቦክ ለመርከብ መጠለያም ለሲራራ መንገድም የማይመች ሆነባቸው። ስለዚህ ገዢው ሌዎንስ ላጋርድ በ1880 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጅቡቲ ተሻግሮ ከተማ ማቆም ጀመረ። የድንጋዩን ጉብታዎች በአፈርና በድንጋይ ድልድል እያያያዙ መንገድ አወጡባቸው።

ሆኖም ወደብ ብቻውን ከተማ አያደርግም። ወደብ በር ነው፤ በር ደግሞ ከኋላው ቤት ከሌለ ምን ይሠራል? ለጅቡቲ ቤቷ ኢትዮጵያ ሆነች። ዳግማዊ ምኒልክ በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ባቡር የማቋቋም ፈቃድ ሰጡ። ውሉ ሦስት ክፍል ነበረው፤ መጀመሪያ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ቀጥሎ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ከዚያም ከእንጦጦ እስከ ከፋና ነጭ ዓባይ። ኢልግም ሙሴ ሸፍኔ ከሚባለው ፈረንሳዊ ጋር ሆኖ ገንዘብ ፍለጋ ዞረ። ከዓድዋ ድል በኋላ ኢትዮጵያ በዓለም ፊት ስሟ ስለ ገነነ ነገሩ ተፋጠነና፣ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ ሐዲድ መነጠፍ ጀመረ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። በረሓው እሳት ነው፣ የሚጠጣ ውኃ የለም። ሆል ሆል ላይ ጥልቅ ሸለቆ ስላጋጠማቸው ረዥም የብረት ድልድይ መዘርጋት ግድ ሆነ። ሐዲዱ ያለፈበት መሬት ባለቤት የሆኑት የኢሳ ሰዎችም ሥራውን ደጋግመው አጠቁት። በእኛ አስተያየት ይህ የሚያስገርም አይደለም። ግመል አከራይቶ፣ መንገድ መርቶ፣ ሲራራ ጠብቆ ይኖር የነበረ ሰው ድንገት ብረት መጥቶ እንጀራውን ሲወስድበት፣ እርሱንም ማንም ሳይጠይቀው ሲቀር፣ ዝም ብሎ ያያል ማለት ዘበት ነው።

ሌላም ጣጣ መጣ። ሐረር ከተራራ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች ሐዲዱን እስከዚያ ለማውጣት ወጪው የማይቻል ሆነ። በዚህ ምክንያት ባቡሩ ሐረርን በላይ ትቶ በሥሯ ባለው ሜዳ አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ 311 ኪሎ ሜትር ላይ ደርሶ ቆመ። እዚያ ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ በቀለ፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ሊሉት ነበር፤ በኋላ ድሬዳዋ ሆኖ ቀረ። ደቻቱ ወንዝ በመካከሉ አለ፤ በአንዱ ወገን ከዚራ በቀጥታ መንገድና በዛፍ ጥላ ለምድር ባቡር ሹማምንትና ለውጭ አገር ነጋዴ ተሠራ፣ በሌላው ወገን መጋላ የአገሬው ገበያ ሆነ። የሐረር ንግድም ቁልቁል ወረደ።

ከድሬዳዋ በኋላ ሥራው ለብዙ ዓመታት ተቋረጠ። ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፤ የፈረንሳይ መንግሥት ድጎማ ሰጥቶ እጁን ሲያስገባ ደግሞ ምኒልክ ተቈጡ። የንግድ ፈቃድ የሰጠሁት የባዕድ መንግሥት በአገሬ ላይ ሥልጣን እንዲያበጅ አይደለም ማለታቸው ነው። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ምድር ላይ የትኛውን ሐዲድ ማን እንደሚሠራ እርስ በርሳቸው ተዋዋሉ። ባለቤቱ ሳይጠራ ቤቱን እንደ መከፋፈል ያለ ነገር ነው። ቆይቶ አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ቀጠለና ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ሕዝቡ የፈረንሳይኛውን የጣቢያ ስም ሰምቶ «ለገሃር» አለው፤ አሁንም የቆመው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ያንን የራምቦን አራት ወር እናንሣው። ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደረ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚገባው በሦስተኛው ቀን ነበር። ሰው በዘመኑ አራት ወር ወደ ሦስት ቀን ሲወርድ ማየቱ ቀላል ነገር አይደለም። ግመል የማይሸከመው ማሽን፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ የጨርቅ እስር፣ ሁሉም በፉርጎ ተጭኖ ወጣ። ቡናና ቆዳው ደግሞ ወረደ።

ጅቡቲም ተለወጠች። ከየመን ዐረቡ፣ ከበረሓው አፋሩና ሶማሌው፣ ከደጋው ኢትዮጵያዊው፣ ከአውሮፓም ግሪኩና ኢጣሊያኑ ሥራ ፍለጋ ጎረፈ። ገዢዎቹና ኩባንያው ነፋስ በሚያገኝ ከፍታ ላይ ሲሠሩ፣ ወደብ ላይ ጆንያ የሚሸከመውና ሐዲድ የሚጠግነው ሰው በዝቅተኛው ሜዳ ሰፈረ። መንደሮቹም የሰው ስም ሳይሆን ቁጥር ወጣላቸው፤ አንደኛ ሰፈር፣ ሁለተኛ ሰፈር፣ ሦስተኛ ሰፈር እየተባለ። እኛ የቀበሌ ቁጥር ዘመን ሰዎች ይህ አይገርመንም። የከተማው ሰው የሚበላው አትክልትና ፍራፍሬ፣ ጫቱም ጭምር፣ ከኢትዮጵያ በባቡር ይወርድለት ነበር። ስለዚህ ጅቡቲ ባሕር ዳር ብትሆንም የኖረችው ከባሕሩ በተገኘ ዓሣ አይደለም፤ ከሐዲዱ ነው። አሳ አስጋሪው አልጠፋም፤ በጀልባው አለ። ነገር ግን ከተማው ከእርሱ ጀልባ አልፎ ወደ ትልቁ መርከብ ማየት ጀመረ።

ዘይላና ታጁራስ? ዘይላ በእንግሊዝ እጅ ሆና ሐዲዱ በጎን ስላለፈባት ነጋዴዋ እየለቀቀ ሄደ፤ የነበራት ስም በታሪክ መጽሐፍ ቀረ። ታጁራም ሲራራው ሲቀርባት ወደ ጸጥታዋ ተመለሰች። ሁለቱም በጦር አልተመቱም፣ ረኃብም አልፈጃቸውም። መንገዱ ብቻ ሌላ በር መረጠ። ሰው «እህል ያጣ ቤትና መንገድ ያጣ ከተማ አንድ ናቸው» ቢል ያምርበታል።

ታዲያ ሐዲድ ያነሣው ሁሉ ተነሥቶ ይቀራል ወይ? አይቀርም። ይኸው ሐዲድ ራሱ ብዙ መከራ አይቷል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጠላት ወረራ ምክንያት በዚሁ ባቡር ወደ ጅቡቲ ወርደው ተሰደዱ። ከነጻነት በኋላ የአሰብ ወደብና የመኪና መንገድ እየጠነከረ ሲሄድ የባቡሩ ድርሻ ቀነሰ። ጅቡቲ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነጻ በወጣች ማግሥት የሶማሊያ ጦርነት መጣና ድልድዮች ፈርሰው ባቡሩ ለብዙ ወራት ቆመ። በጥር 1977 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ አጠገብ ተሳፋሪ የሞላው ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባና ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ የከፋው ይኸው ነው። እኛ ዕድርተኞች ይህን ስንጽፍ እጃችን ይከብዳል። ያን ሁሉ ሰው አንሥቶ፣ ለይቶ፣ አልቅሶ መቅበር ምን ማለት እንደ ሆነ እናውቃለንና። ለንግድ ወጥቶ፣ ዘመድ ጥየቃ ተሳፍሮ፣ አገሩ ያልተመለሰ ስንት አለ! ሐዲድ ቡናና ጨርቅ ብቻ አይደለም የሚጭነው፤ የሰው ልጅም ይጭናል።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብ ተዘጋና የአገራችን ዕቃ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የሚገርመው ግን በዚያን ጊዜ አሮጌው ባቡር ደክሞ ስለ ነበር ሸክሙን የተሸከመው ተሳቢ መኪና ነው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው መስመር ጨርሶ ቆመ። ከመቶ ዓመት በፊት በባቡር የበቀሉ ትንንሽ ከተሞች፣ ጣቢያው ላይ እንቁላልና ሻይ ትሸጥ የነበረች እናት ጭምር፣ ፊሽካ መስማት ቀረባቸው። ከዚያ በመስከረም 2009 ዓ.ም. በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። እሰየው ነው። ነገር ግን አዲሱ ሐዲድ በአሮጌው ላይ አልተነጠፈም፤ ጣቢያዎቹም ከከተማ ወጣ ብለው ነው የተሠሩት። ለገሃር ያለ ባቡር ቀረ፤ ድሬዳዋም ባቡሩን ለመሳፈር ከከተማዋ መውጣት አለባት። ዘይላን የጎዳው ነገር ተመልሶ የባቡሩን የገዛ ልጆች ነካቸው ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ሐዋሳ፣ ቀድሞ አዋሳ ብለን የምንጽፋት ከተማችን፣ ባሕር የላትም፤ ሐይቅ ግን አላት። ከተማ ሆና የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ በራስ መንገሻ ሥዩም የአስተዳደር ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የሲዳማ ከብት የሚግጥበት የሐይቅ ዳር መስክ ነበረች። የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በዚያ ጊዜ ይርጋለም ነበር። ኋላ ግን ዋና ከተማነቱ ወደ ሐዋሳ መጣ፤ ዋናው አውራ ጎዳናም በሐዋሳ መካከል አልፎ ወደ ዲላና ሞያሌ ሲወርድ ይርጋለም ከጎዳናው ገባ ብላ ቀረች። የይርጋለም ሰው ይህን ሲያነብ የዘይላን ነገር ከእኛ ይልቅ ይረዳዋል። ለሐዋሳ ሐዲዷ አስፋልቱ ነበር። ከእኛ ከአባላቱ መካከል እዚህ የተወለደ ጥቂት ነው፤ አብዛኞቻችን በዚያው አስፋልት የመጣን ነን። ዕድር የመሠረትነውም ለዚህ አይደለም ወይ? ዘመድ በሌለበት አገር ሰው ሲሞት ማን ያነሣዋል ብለን ነው።

የሐይቁ ሰው ግን ከአስፋልቱም ከከተማውም በፊት ነበረ። አሞራ ገደል ሄዶ ያየ ያውቃል። በማለዳ ትንንሽ የእንጨት ጀልባዎች ይገባሉ፤ ቆሮሶና አምባዛ ከመረብ ይፈታል፤ ወጣቶች በቢላዋ ይገፍፉታል፤ አባ ኮዳ አንጀቱን ይጠብቃል። በጾም ወራት ፈላጊው ይበዛና ዋጋው ይወጣል። ነገር ግን ፈላጊው በበዛ ቁጥር መረቡ ጠበበ፤ ትልቅ ሳይሆን ገና ያልወለደ ቆሮሶ መያዝ መጣ። ሽማግሌ አስጋሪዎች የቆሮሶው መጠን እንዳነሰ ዘወትር ይናገራሉ። ደግሞም ሐይቃችን በጥቁር ውሃ በኩል የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። የገባበት ነገር ሁሉ፣ ደለሉም ቆሻሻውም፣ እዚያው ይቀራል። ይህን አንርሳ።

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ብዙ ልጆች፣ በተለይም ሴቶች ልጆች፣ ከገጠር መጥተው ሥራ ያዙ። በየግቢያችን ቤት ተከራዩ፤ ሻይ ቤቱም ሱቁም ተነቃቃ። የሚሰፉት ልብስ በመኪና ወጥቶ በጅቡቲ በኩል ወደ ባሕር ማዶ ይሄዳል። በ2014 ዓ.ም. ግን አሜሪካ አጎዋ የሚባለውን ከቀረጥ ነጻ የመሸጥ ዕድል ለኢትዮጵያ ስትዘጋ ከፋብሪካዎቹ ገሚሶቹ ለቀው ሄዱ፤ ብዙ ልጆችም ተቀነሱ። አንድ ልጅ ሐዋሳ ውስጥ ኪራይ መክፈል ያቃታት ከውቅያኖስ ማዶ በተፈረመ ወረቀት ነው። በአንድ መስመር ላይ የተንጠለጠለ ኑሮ እንዲህ ነው።

ባቡሩን በተመለከተ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በወጣው የአገር የባቡር ዕቅድ ውስጥ ከሞጆ ተነሥቶ በእኛ አቅጣጫ ወደ ደቡብ፣ እስከ ኮንሶና ወይጦ የሚወርድ መስመር ገብቶ ነበር። ሐዲዱ እስከ ዛሬ አልተነጠፈም። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚዘረጋው የፍጥነት መንገድ ግን በክፍል በክፍል ሲሠራ ቆይቷል። ባቡሩ ቢመጣም ባይመጣም ለውጡ በመንገድ ላይ ነው።

ታዲያ ከጅቡቲ ምን እንማራለን? በእኛ በኩል ባቡር አይምጣ አንልም። አራት ወርን ሦስት ቀን ያደረገ ነገር በረከት ነው፤ ሕመምተኛ በሰዓቱ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው፣ ማዳበሪያ ለገበሬ በወቅቱ የሚገባለት በዚህ ነው። የምንለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሐዲድ ሲመጣ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት በቦታው የነበረው ሰው ነው፤ የግመሉ ባለቤት እንደ ቀረ የጀልባው ባለቤት እንዳይቀር። ሁለተኛ፣ ከተማ በአንድ በር ብቻ አይታመን፤ በሩ ሲዘጋ የሚበላው የራሱ ነገር ይኑረው። ለእኛ ይህ ሐይቁ፣ ዙሪያው ያለው እንሰቱና ቡናው ነው፤ ሐይቁን አቆሽሾ ፋብሪካ መጠበቅ ጎተራ አቃጥሎ ገበያ እንደ መውጣት ነው።

ሦስተኛው ዕድራችንን ይመለከታል። ወደብም ሐዲድም ፋብሪካም የሚሠሩት አገራቸውን ትተው በመጡ ሰዎች ጉልበት ነው። ጅቡቲ ላይ ቁጥር በወጣላቸው ሰፈሮች የሞተው ኩሊ፣ አዋሽ ገደል የቀረው ተሳፋሪ፣ በእኛ ግቢ ተከራይታ የታመመችው ልጅ፣ ሁሉም የሰው ልጆች ናቸው። በሰፈራችን ከፋብሪካ ሠራተኞች፣ ከጫኝና አውራጆች፣ ከአሞራ ገደል ልጆች ብዙዎቹ በዕድራችን መዝገብ ላይ ስማቸው የለም። የመመዝገቢያው ክፍያ በአንድ ጊዜ ከበዳቸው፤ «ነገ እሄዳለሁ» የሚልም አለ። ለእነዚህ ሰዎች በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየከፈሉ የሚገቡበት ሥርዓት ዳኛችንና ኮሚቴው ቢያበጁላቸው፣ ጉዳዩም ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ቢቀርብ እንላለን። ከአባላት የሚቃወም ካለ፣ እርሱ ራሱ በየትኛው መኪና ሐዋሳ እንደ ገባና ማን እንደ ተቀበለው ያስታውስ።

መንገድ ይመጣል፣ መንገድም ይሄዳል። ዘይላ አለች፣ ሐዲድ ግን የላትም፤ ለገሃር አለ፣ ባቡር ግን የለውም። ጡሩምባ ሲነፋ ወጥቶ ድንኳን የሚተክል ጎረቤት ካለ ግን ያ ሰፈር አልሞተም።

ለዘንድሮ በዚህ ይብቃን። ሐዘን የማንሰማበት ዓመት ያድርግልን፤ ብንሰማም ብቻችንን አያድርገን።